የሚሸጠውና የማይሸጠው

በእጅ የተሠራ ዕቃ ወደ ውጭ አገር ገበያ ሲላክ ነጋዴው የሚያስበው ስለ ዋጋው፣ ስለ ጭነቱና ስለ ቀረጡ ነው። ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ ግን አለ፤ ዕቃው የሚሸጥ ነው ወይ? የሚሸጥ ከሆነስ ሻጩ የመሸጥ ሥልጣን አለው ወይ? ለጀበናና ለሰፌድ ጥያቄው የተጋነነ ሊመስል ይችላል። መስቀል፣ ክታብ፣ የብራና መጽሐፍ፣ የቁርኣን ቅጂ ወይም ለሙሽራ ቤት የተሰፋ ሌማት ሲሆን ግን የሃይማኖት ሊቃውንትም ፈላስፎችም ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይ ይሆናል።

ጥያቄው ለድሬ ዳዋ ቅርብ ነው፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው በንግድ መንገድ ምክንያት ነውና። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ሐዲዱን ወደ ተራራው ማውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር፣ ከወደቡ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቆመ፤ ሰፈሩም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ ድሬ ዳዋ ለበርካታ ዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆና ቆየች። በደቻቱ ወንዝ አንድ ወገን ፈረንሳዮች በቀያሽ መስመር የዘረጉት ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ አደገ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመናዊው ሱቅ ከፈቱ። ወደ ባሕሩ የሚወርደው ጭነት ቡናና ቆዳ ነበር፤ የእጅ ሥራ ዕቃ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ያኔም ዛሬም ኢምንት ነው። ቡና ግን የማንም እናት ለማንም ሙሽራ የሰጠችው አይደለም። ጥያቄውን የሚያከብደው ከዕቃው ጋር አብሮ የሚሄደው ነገር ነው።

ይህን ለማየት የብር ጌጥ ይመቻል። የሐረር አንጥረኞች ለከተማዋም ለዙሪያዋም ሴቶች አምባርና የአንገት ጌጥ ሲሠሩ ኖረዋል። ብሩ በአብዛኛው ከማርትሬዛ የቀለጠ ነው። ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ በየትኛውም ዓመት ቢመታ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ይዞ የሚወጣ፣ 28 ግራም የሚመዝን፣ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር የሆነ ነበር። የሰሜኑ አንጥረኛም የአንገት መስቀሉን ያወጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ አንድ አውሮፓዊ «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ብር» ብሎ ከሐረር ገዝቶ በድሬ ዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የሚወስደው ጌጥ፣ ከአውሮፓ የመጣ ብር ወደ አውሮፓ ሲመለስ ነው። የከፈለው ለብሩ ብቻ ከሆነ ተሞኝቷል። የከፈለው ለእጅ ሥራውና ጌጡ በለባሿ ኑሮ ለነበረው ቦታ ነው። የእጅ ሥራውን አንጥረኛው መሸጥ ይችላል። ያ ቦታ ግን በሚዛን አይወጣም፤ ባለቤቱ ማን እንደሆነም በቀላሉ አይታወቅም።

አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ነገሮችን ለሁለት ከፍሏል። ዋጋ ያለው ነገር በእኩያው ይተካል፤ ተተኪ የሌለው ደግሞ ክብር አለው። ክብርን የሰጠው ለሰው ነው እንጂ ለዕቃ አይደለም፤ በእርሱ አከፋፈል ዕቃ ሁሉ ከዋጋ ወገን ይውላል። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ስለ ስጦታ በጻፈው ጥናት ይህን አጥር ነቀነቀው። በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የተሰጠ ዕቃ ከሰጪው ጋር ያለው ትስስር እንደማይበጠስ፣ ተቀባዩንም ባለዕዳ እንደሚያደርገው አሳየ። ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሞስን ማንበብ አያስፈልገውም። የእናቷን የአንገት መስቀል የሸጠች ሴት በጎረቤት የምትታማው በርካሽ ስለሸጠች አይደለም፤ ውድ ብትሸጠው ሐሜቱ ይብሳል።

የሃይማኖት ሕግ ይህን ጉዳይ ከፈላስፎቹ ቀድሞ ይዞታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ሲሞን የተባለው ጠንቋይ እጅ ጭኖ መንፈስ ቅዱስን የማሳደር ሥልጣን በገንዘብ ሊገዛ ሲጠይቅ ጴጥሮስ ገሠጸው። ጸጋ አይሸጥም የሚለው የቤተ ክርስቲያን መርሕ ከዚያ ይነሣል። ሆኖም በየደብሩ በር ላይ ጧፍ፣ ማተብ፣ የአንገት መስቀልና የቅዱሳን ስዕል ይሸጣል፤ ይህንን ግብዝነት ነው የሚል ሰው አሠራሩን አላስተዋለም። ምእመኑ መስቀሉን ከሱቅ ይገዛና ወደ ካህን ወስዶ ያስባርከዋል። የተከፈለበት ብረቱና ድካሙ ነው፤ ቡራኬው በነጻ ይጨመራል። በተቃራኒው ታቦት በጳጳስ እጅ በሜሮን ከተባረከ በኋላ ከካህናት በቀር የሚያየውም የሚነካውም የለም። እንግዲህ አንድን ዕቃ ከገበያ የሚያወጣው የተሠራበት እንጨት ወይም መልኩ አይደለም፤ በላዩ የተፈጸመው ሥርዓትና ሥርዓቱ ያሰረው ማኅበር ነው። አንድ ጠራቢ በታቦት አምሳል ሠሌዳ ቀርጾ ቢሸጥ ድፍረት ሊባል ይችላል። ቅድስናን ሸጠ ግን አይባልም፤ በእጁ የሌለውን አልሸጠምና።

በእስልምናም ክርክሩ ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። የቁርኣን ቅጂ ይሸጣል ወይ በሚለው ላይ የጥንት ሊቃውንት ተለያይተዋል። መሸጡን የጠሉ ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ መግዛቱን ፈቅደው መሸጡን ብቻ ነቅፈዋል። የፈቀዱት ደግሞ ዋጋው የወረቀቱ፣ የቀለሙና የጸሐፊው ድካም እንጂ የአላህ ቃል አይደለም አሉ። በብዙ ሙስሊም አገሮች ለቁርኣን የሚከፈለውን ገንዘብ «ሀዲያ»፣ ማለትም ስጦታ፣ ብሎ መጥራት የተለመደው ከዚህ ጥንቃቄ የተነሣ ነው። ሐረር በእጅ ጽሑፍና በመጽሐፍ ድጉሰት ከአፍሪካ ቀንድ ታዋቂ ማዕከሎች አንዷ ስለነበረች ክርክሩ ለድሬ ዳዋ ነጋዴ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከአንድ የእጅ ጽሑፍ ቅጂ ጋር የገልባጩ ስም፣ የወቃፊው ቃልና የወራሾቹ ምልክት ሊኖር ይችላል። ወቅፍ የተደረገ መጽሐፍ ለአላህ የተሰጠ ስለሆነ በሸሪዓ ሕግ ወራሽ እንኳ አይሸጠውም።

ክታብ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ስለዚህ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጥላል፣ ጸሎቱንና ጠልሰሙን ይጽፋል፣ የባለቤቱን የክርስትና ስም በየጸሎቱ መካከል ያስገባል። ከዚህ የበለጠ ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ዕቃ ማሰብ ይከብዳል፤ ከሌላ ሰው እጅ ሲገባ የሌላ ሰው ስምና የሌላ ሰው ቁመት ነው። ዛሬ ግን በፓሪስ፣ በለንደንና በኒው ዮርክ ስብስቦች ውስጥ ብዙ ክታቦች አሉ፤ የሚገዟቸው ከበሽታ ለመዳን ሳይሆን ለጠልሰሙ ውበት ነው። ይህን ያየ ሰው «ገበያው አረከሰው» ብሎ ሊፈርድ ይቸኩላል። ከክታቦቹ መካከል ግን የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ በላዩ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው ይገኛሉ። ማለትም ክታብ ባሕር ሳይሻገር በፊት በአገር ውስጥም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር፤ ለማስተላለፊያውም ሥርዓት ነበረው። የቆየው ስም ይፋቃል፣ አዲሱ ይጻፋል። የውጭው ሰብሳቢ ያጎደለው ይህን ሥርዓት ነው። የሞተች ሴት ስም እንደተጻፈ በመስታወት ውስጥ ይቀመጣል።

ለድሬ ዳዋ ቅርብ የሆነው ማስረጃ ቁልቢ ነው። ራስ መኮንን ከአድዋ ድል በኋላ ያሠሩት የቁልቢ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 እጅግ ብዙ ተሳላሚ ይቀበላል። ከሩቅና ከባሕር ማዶ የሚመጣው ብዙ ሰው በድሬ ዳዋ በኩል ያልፋል። ስለቱ የደረሰለት ሰው ጥላ፣ ምንጣፍ፣ ወርቅ፣ ሰንጋ ያስገባል። የገባው ዕቃ ከአገልግሎት የሚተርፍ ሲሆን ይሸጥና ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያኑ ይውላል። ለመልአኩ የተሰጠ ጥላ በገንዘብ ሲለወጥ ማንም አይደነግጥም። ሲሰጥ ባለስለቱ ከዕዳው ነጻ ወጥቷል፤ የሚሸጠውም በደብሩ ስም የመሸጥ ሥልጣን ያለው አካል ነው። አንድ ሰው ያንኑ ጥላ በሌሊት አውጥቶ በዚያው ዋጋ ቢሸጠው ግን ሌብነት ብቻ ሳይሆን ድፍረትም ነው። ዕቃው አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ገዥውም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱ በሻጩ ሥልጣን ላይ ነው።

ገንዘብ ነካው ወይስ አልነካው የሚለው ጥያቄ፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው እርሱ ቢሆንም፣ ወደ ፍርድ አያደርስም። የሚያደርሰው ዕቃውን ከሰው፣ ከማኅበር ወይም ከፈጣሪ ጋር ያሰረው ገመድ ካለ፣ ያንን ሊፈታ የሚችል ማን ነው የሚለው ነው።

በዚህ መለኪያ የመቅደላ ነገር ግልጽ ይሆናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን ምሽግ ከያዘ በኋላ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደ። በዚያም ለሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ፤ ገንዘቡ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የብሪታንያ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆልምስ ከገዥዎቹ ዋነኛው ነበር። ጨረታው ደንብ ነበረው፣ ተጫራች ነበረው፣ ሒሳብም ተይዟል፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሻጮቹ መካከል የአንዱንም ጽላት ወይም ጽዋ ትስስር ለመፍታት የሚችል ሰው አልነበረም። ሥርዓት የያዘ ሽያጭ ያለ ሥልጣን የተወሰደን ዕቃ ንብረት አያደርገውም። ሙዚየሙ ራሱ ይህን በከፊል አምኗል ማለት ይቻላል፤ በእጁ ያሉትን 11 ታቦቶች ለሕዝብ አያሳይም፣ የራሱ ባለሙያዎችም እንዳያጠኗቸው አድርጓል። ሊያሳየው፣ ሊያጠናው፣ ሊሸጠው የማይችለውን ነገር ይዞ መቀመጥ እንግዳ ባለቤትነት ነው። በኤድንብራ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘውን ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲመልስ የተጠየቀው ዋጋ አልነበረም፤ አዲስ አበባም በእልልታ ተቀበለችው።

በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው «አፍሮ አይገባ» መስቀል ደግሞ በ25,000 ዶላር ለአንድ ቤልጂጋዊ ሰብሳቢ ተሸጦ እ.ኤ.አ. በ2001 ተመለሰ። በሽተኛ የሚዳሰስበትን የዚህን መስቀል ዋጋ ሰባት ኪሎ ወርቅ ነው ብሎ መገመት ቀላል ነው። ካህናቱ ያለቀሱት ግን ለወርቁ አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ሲከለክል ይህንኑ ትስስር በሕግ ቋንቋ ማስቀመጡ ነው።

ከቅዱሱ ወገን ያልሆነው ዕቃ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያመጣል። በሐረሪ ቤት ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ስፌት ለጌጥ ብቻ የተደረደረ አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱ ቦታና አገልግሎት አለው፣ ከሠርግም ከሐዘንም ጋር የተያያዘ ነው። ልጃገረዶች ከአንዲት ባለሙያ ሴት ቤት ተሰብስበው ይማሩት ነበር። ሥራውም ጊዜ ይበላል። ሣሩ ይሰነጠቃል፣ ይነከራል፣ በወስፌ እየተወጋ ዙር በዙር ይጠመጠማል፤ አንድ ትልቅ ስፌት ወራት ይወስዳል። ይህ ስፌት ሜልቦርን ወይም ቶሮንቶ ሲደርስ ምን ይሆናል? መልሱ ገዥው ማን እንደሆነ ይለያያል። ሐረሪዎች ከኢትዮጵያ ውጭ በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች መካከል እነዚህ ሁለቱ ስላሉ ብዙ ጊዜ ገዥዋ ለልጇ ሠርግ ቤት የምታሰናዳ እናት ናት። ዕቃው አገር ለቀቀ እንጂ ከሥራው አልወጣም። ግድግዳውን በቀለም ለማሟላት የሚገዛው ሰው ደግሞ መልኩን ብቻ ይወስዳል። ይህን እንደ ውርደት የሚቆጥሩ አሉ፤ ፍርዱ ግን ይከብዳል። ለገበያ ብላ የሰፋች ሴት ያሰረችው ገመድ የለም፤ የሸጠችው ጥበቧን ነው፣ ጥበቧም የራሷ ነው። የእናቷን ስፌት ከግድግዳ አውርዳ ስትሸጥ ነገሩ ይለወጣል። በችግር ቀን ይህን ያደረገች ሴት በደለኛ አይደለችም፤ ያስገደዳት ነገር ግን ከበደል ነጻ ላይሆን ይችላል።

ስለ ሠሪው ሲነሣ የአገር ውስጥ ሒሳብም መታየት አለበት። በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ የተናቁ ነበሩ። በሰሜን «ቡዳ» ተባሉ፤ በምሥራቁ ኦሮሞ «ቱምቱ»፣ በሶማሌ «ቱማል» የሚባሉት አንጥረኞች ከሌላው ወገን ጋር አይጋቡም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ በአዋጅ እስከማስጠንቀቅ ደረሱ። ንቀቱን ለመደገፍ ሃይማኖት ሲጠራ መኖሩ የሚገርም ነው፤ መጻሕፍቱ የሚሉት ተቃራኒውን ነውና። በኦሪት ዘጸአት ባስልኤል ወርቅና ብር፣ ናስና እንጨት እንዲሠራ በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ። በቁርኣንም ብረት ለነቢዩ ዳውድ ለስልሶ ጥሩር እንዲሠራ ተደርጓል። በራሱ መንደር ማዕድ የማይቆርስለት አንጥረኛ የሠራውን መስቀል ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንግዳ ሲያደንቀው፣ የውጭው ገበያ ጥበቡን ሸቀጥ አደረገበት ብሎ መክሰስ ግማሽ እውነት ነው። አገሩ ጥበቡን እየተጠቀመ ሰውየውን ንቆት ነበር።

ይሁን እንጂ ገዥው የሚወደውን እየሠሩ መኖር በእምነት ምልክት ላይ የሚያመጣው ነገር አለ። ጎንደር አጠገብ በምትገኘው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ድስትና እንስራ ይሠሩ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ ጎብኚ ሲበዛ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ ጭምር፣ መሥራት ጀመሩ። ጎብኚው «የፈላሻ ጥንታዊ ሥራ» ብሎ የገዛው ምስል እርሱ ራሱ በመምጣቱ የተፈጠረ ነበር። ብዙዎቹ ባለሙያዎች እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ሄደው ካለቁ በኋላም ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ያንኑ ምልክት እየሠሩ ቀጠሉ። ይህንን ሐሰት ብሎ መጥራት ከባድ ነው፣ እምነት ብሎ መጥራትም አይቻልም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የኤፌሶኑ ብር ሠሪ ድሜጥሮስ የአርጤምስን ክብር ለማስጠበቅ የሙያ ባልንጀሮቹን ሲያነሣሣ በመጀመሪያ የጠቀሰው ገቢያቸው እንደሚቀር ነው። ገበያ የቅድስና ጠበቃ ሆኖ ሲቆም መጠርጠር ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ፍርዱ የማያከራክረው ማስረጀት ነው። ትናንት የተሳለ ስዕል በጭስ ይጠቁራል፣ አዲስ ብራና በእጅ ይታሻል፣ ከዚያም «የ17ኛው ክፍለ ዘመን» ተብሎ ይሸጣል። በዚህ የሚጎዳው የተታለለው ገዥ ብቻ አይደለም። ሠዓሊው ሥራውን ከራሱ ነጥቆ ለሌለ ሰው ይሰጣል። ችግሩ ወደ ፍልስፍናው ራሱ ይደርሳል። በፈላስፋው በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ ወደ አውሮፓ የሄደው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ሚስዮናዊ ለፈረንሳዊው የብራና ሰብሳቢ ለአንቷን ዳባዲ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ከላካቸው ጽሑፎች ጋር ነው። ምሁሩ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ሚስዮናዊው ራሱ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ሌላው ምሁር ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተሟገተ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ካባባሱት ነገሮች አንዱ መጽሐፉ በሰብሳቢ ትእዛዝ መንገድ መጓዙ ነው፤ ከአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ቢወጣ ኖሮ ጥርጣሬው እንዲህ ባልበረታ ነበር። በሐተታው ውስጥ የሚተርከው ሰው መተዳደሪያው ዳዊት እየገለበጠ መሸጥ መሆኑን ልብ ይሏል፤ በዚያም አያፍርም።

በዛሬው ገበያ የሚቀረው ትልቁ ጉድለት የሠሪው ስም ነው። የኢትዮጵያ ሸማ በኒው ዮርክ ሱቅ የሚሸጠው በድርጅት ስም ነው። ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረተችው «ለምለም» በአገር ሸማኔዎች እጅ ተሠርቶ በእንዲህ ዓይነት ስም ለዓለም የወጣ ሥራ ነው። ሥራ መፍጠሩ መልካም ነው። ነገር ግን የሰዓሊ ስም ያለበት ሸራ እና ስም የሌለው ሌማት ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ «ሥነ ጥበብ»፣ ሌላው «የባህል ዕቃ» ይባላል፤ የዋጋውም ልዩነት ከዚያ ይጀምራል። ባህል አይሰፋም፤ የሚሰፋው ሰው ነው። ደብተራው በክታቡ ላይ የገዥውን ስም ይጽፍ ነበር፣ የቁርኣን ገልባጩም በመጨረሻው ገጽ የራሱን። ከድሬ ዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የስፌትና የጌጥ ጭነት ላኪው ማን እንደሆነ፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ይሄዳል። ላኪዎች በየዕቃው ላይ የሠሪዋን ስም፣ የተሠራበትን ዓመትና ለሽያጭ የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ቢያስሩበት ለቀረጥ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ሊያደርጉትም ይገባል።